ትምህርት አሥራ አራት፦ «ከበላሁ በኋላ» እና «ስለበላሁ»

በዕለት ንግግራችን ጊዜን የሚያመለክቱና ምክንያትን የሚያመለክቱ አነጋገሮች ብዙውን ጊዜ ይቀላቀላሉ። «ዝናብ ከመጣ በኋላ መንገዱ ተበላሸ» ያለ ሰው «ዝናብ ስለመጣ መንገዱ ተበላሸ» ማለቱ እንደሆነ ሰሚው ያለ ችግር ይረዳለታል፤ በዚህም የሚጎዳ የለም። ሆኖም ሁለቱን ለይቶ መናገርና መጻፍ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሰው ሕመሙን ለሐኪም የሚያስረዳበት ጊዜ ከነዚህ አንዱ ነው።

በዚህ ትምህርት ሴሊያክ ስለሚባለው የአንጀት በሽታ አንድ ምንባብ ታነባላችሁ። የተማሪዋ ታሪክ ለትምህርቱ የተዘጋጀ ምሳሌ ሲሆን ስለ በሽታውና ስለ ምርመራው የተነገረው ግን በሕክምና የታወቀ ነው። ስታነቡ «በኋላ»፣ «ስለ»፣ «ቁጥር»፣ «ወዲህ» የሚሉት ቃላት በምን በምን ቦታ እንደገቡ ልብ በሉ።

ሀ. ምንባብ

ስም ያላገኘ ሕመም

አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪን በሐሳባችሁ ሳሉ። የተወለደችው በጎጃም ገጠር፣ ጤፍ በሚበቅልበት ወረዳ ነው፤ የምትማረው ግን ከተማ፣ ከአክስቷ ቤት ተቀምጣ ነው። ከተማ ከገባች ወዲህ ጧት ዳቦ በሻይ፣ ቀትር ላይ መኮሮኒ ወይም ከገበያ የተገዛ እንጀራ ትበላለች፤ ማታም ከዚሁ የራቀ ነገር አታገኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዷ ሲነፋ፣ ሲቆርጣትና ሲያስቀምጣት ኖሯል። ልብሷ ሰፍቷታል። ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል፤ በትምህርት መካከል እንቅልፍ ይጥላታል። ደም ማነስ ነው ተብላ የብረት ኪኒን ለስድስት ወር ብትውጥም ደሟ እንደሚፈለገው ሊመለስ አልቻለም።

በዙሪያዋ ያለው ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነባት። ጎረቤት «ጨጓራ ነው» ይላል፤ የክፍል ጓደኛዋ «አሜባ ነው» ትላለች፤ አያቷ ዓይን በልቷታል ብለው ያዝናሉ፤ አጎቷ ደግሞ ፈተና ፈርታ ነው ባይ ናቸው። በጤና ጣቢያም ለአሜባ፣ ለጃርዲያና ለሆድ ትላትል በየተራ መድኃኒት ተሰጥቷታል። ይህ ሁሉ ሕክምና ያለ ፍሬ ቀረ ተብሎ የሰጡት ሰዎች ሊወቀሱ አይገባም። ጃርዲያ በአገራችን በብዛት የሚገኝ ተውሳክ ነው፤ እርሱም ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል፣ ክብደት ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመውን አስቀድሞ መመርመር የሕክምና ደንብ ነው። ችግሩ የሚመጣው፣ መድኃኒቱ ሦስት ጊዜ ተሰጥቶ ሕመሙ ባለበት ሲቆም፣ አራተኛ ጊዜ ያንኑ መድኃኒት መስጠት ሲቀጥል ነው።

ልጅቱ በበኩሏ ማሰብ ጀመረች። አስቀድማ የጠረጠረችው ወተትን ነበር። ነገር ግን ዐቢይ ጾም ገብቶ ለሃምሳ አምስት ቀን ወተትም ቅቤም ሳትቀምስ ከረመች፤ ሕመሙ ግን አልተለወጠም። እንዲያውም በጾሙ ወራት ዳቦና ፓስታ አብዝታ ስለበላች የባሰባት መሰላት። በዚያው ዓመት ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ወደ ወላጆቿ ሄደች። እናቷ ከማሳቸው በታጨደ ጤፍ ብቻ ይጋግሩ ነበርና ስንዴ ሳትቀምስ ስምንት ሳምንት ቆየች። ተቅማጡ በሁለተኛው ሳምንት ቆመ፤ ፊቷም ወዝ ያዘ። መስከረም ላይ ተመልሳ ከአክስቷ ማዕድ በተቀመጠች በአሥረኛው ቀን ሕመሙ እንደገና ተነሣ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ልጅቱ የዳነችው ዳቦ ስለተወች ነው? ሊሆን ይችላል። ግን በክረምቱ የተለወጠው ዳቦው ብቻ አልነበረም። የምትጠጣው ውሃ ተለውጧል፤ ፈተና የለም፤ እንቅልፍ ትጠግባለች፤ ከእናቷ ጋር ናት። ስለዚህ በትክክል መናገር የምትችለው «ዳቦ ካቆምሁ በኋላ ተሻለኝ» ብላ ብቻ ነው። «ስለ» የምትለውን ቃል ገና አላገኘቻትም።

በዚህ ዓይነት ስሕተት የታወቁ ሐኪሞችም ወድቀዋል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሳሙኤል ጊ እ.ኤ.አ. በ1888 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን በሽታ በግልጽ ከመግለጹም በላይ፣ የሚድን ከሆነ የሚድነው በምግብ መሆኑን ተናግሯል። ከበሽተኞቹ አንዱ ልጅ በየቀኑ የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል ዛጎል ለበስ እንስሳ ሥጋ ሲመገብ በጣም ተሽሎት ወቅቱ ሲያልፍ እንደገና ታሟል። ይህ ሁሉ በጥንቃቄ የታየ ነው። ዳሩ ግን ያው ሐኪም ለበሽተኞቹ ከፈቀደላቸው ምግብ አንዱ በሁለት ወገን የተጠበሰ ቀጭን ዳቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 ደግሞ ሲድኒ ሐስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ሕፃናቱን ሙዝ በብዛት እያበላ ብዙዎቹን አተረፈ፤ መድኃኒቱም ሙዙ ነው ተብሎ ታመነ። ሙዝ ከበሉ በኋላ መዳናቸው እውነት ነው። ሙዝ ስለበሉ መዳናቸው ግን እውነት አልነበረም፤ በሙዙ ምክንያት ከማዕዱ የተነሣው ዳቦ ነበር ያዳናቸው። ትክክለኛውን ምክንያት ያገኘው የኔዘርላንድ የሕፃናት ሐኪም ዊለም ካሬል ዲከ ነው። ዲከ ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ ስንዴን ይጠራጠር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በነበረው የረሀብ ክረምት ዳቦ ሲጠፋ ሌላው ሰው ሁሉ ሲከሳ እነዚህ ሕፃናት ተሻላቸው፤ ዳቦ ሲመለስ ተመልሰው ታመሙ። ዲከ ግን በዚህ ረክቶ አልተቀመጠም። ስንዴን እየሰጠና እየከለከለ፣ ውጤቱንም እየመዘነ ከመረመረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1950 የምርምር ጽሑፉን አቀረበ። ከ«በኋላ» ወደ «ስለ» ለመሻገር ይህን ያህል ድካም ጠይቋል።

አሁን በሽታው ምን እንደሆነ በአጭሩ እንመልከት። ሴሊያክ፣ ግሉተን ከሚባለው የስንዴ፣ የገብስና ራይ የተባለው የአውሮፓ እህል ፕሮቲን የተነሣ የሚመጣ ዘላቂ በሽታ ነው። የቀጭኑ አንጀት የውስጥ ግድግዳ እንደ ከፈይ ጨርቅ በቆሙ ጥቃቅን ጣት መሰል ነገሮች የተሸፈነ ነው፤ ከምግብ የሚገኘውን ጥቅም የሚመጡት እነርሱ ናቸው። በሽታው ባለበት ሰው ግሉተን አንጀት ሲደርስ፣ የሰውነት መከላከያ ኃይል እንግዳ ጠላት ያገኘ መስሎት የገዛ አንጀቱን ይወጋል። ጣት መሰሎቹም እያጠሩ ሄደው ግድግዳው ልሙጥ ይሆናል። ያን ጊዜ ሰው እየበላ ይራባል፤ ብረቱን በኪኒን ቢውጠውም አንጀቱ በሚገባ አይቀበለውም። ሁሉም ሰው ግን በአንድ ዓይነት አይታመምም። አንዱን ያስቀምጠዋል፤ ሌላው ደም ብቻ ያንሰዋል፤ ሌላው አጥንቱ ይሳሳል ወይም ቆዳው ውሃ እየቋጠረ ያሳክከዋል። ቁመቱ የሚቀጭጭ ሕፃንም አለ። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ከመቶ ሰው አንዱን ያህል እንደሚይዝ ያመለክታሉ። «የነጮች በሽታ ነው» የሚለው አባባልም ትክክል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት በምዕራብ ሰሐራ ሕዝብ ልጆች ዘንድ ከመቶ ከአምስት በላይ ሆኖ አግኝቶታል።

ልጅቱ ይህን የሰማችው ዘግይታ ነው። በጥቅምት መጨረሻ በውጭ አገር የምትኖር የአጎቷ ልጅ በስልክ «ዳቦውን ዛሬውኑ ተዪው» ብላት ተወችው። አክስቷም አዝነውላት ከንጹሕ ጤፍ ይጋግሩላት ጀመር። ደኅና ሆነች። ጥር ላይ ለመመርመር ትልቅ ሆስፒታል ስትሄድ ግን ያልጠበቀችውን ነገር ሰማች።

«ልጄ፣ ዳቦ ካቆምሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» አሏት ሐኪሟ።

«ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው፣ ዶክተር። ካቆምሁ ወዲህ ደኅና ነኝ።»

«ደኅና መሆንሽ ደስ ይላል። ነገር ግን ዛሬ ደምሽን ብመረምረው ምንም ላላገኝ እችላለሁ።»

«ምንም ካላገኙ በሽታው የለብኝም ማለት አይደለምን?»

«አይደለም። በደም ውስጥ የምንፈልገው ሰውነትሽ ግሉተንን አይቶ የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ግሉተኑ ከቀረ እርሱም ቀስ በቀስ ይጠፋል፤ የቆሰለው አንጀትም ይድናል። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ጢስ ብንፈልግ ምን እናገኛለን? ለምርመራው ቢያንስ ስድስት ሳምንት ያህል በየቀኑ፣ ያውም ከአንድ ማዕድ በላይ፣ ዳቦ ወይም ሌላ የስንዴ ምግብ መብላት ይኖርብሻል። እጅግ ከባሰብሽ ግን ቀኑን ሳትጠብቂ ነይ።»

ልጅቱ ዝም አለች። ቆይታም «ሳልመረመር ዳቦ ትቼ ብኖርስ ምን አለበት?» ስትል ጠየቀች።

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ብዙ ሰው የሚመርጠውም ይህንኑ ነው። የሐኪሟ መልስ ግን እንዲህ ነበር፦ በሽታው ካለ ጥንቃቄው የዕድሜ ልክ ነው፤ እስካሁን በመድኃኒትነት የተረጋገጠለት ከግሉተን መራቅ ብቻ ነው። መራቁም ዳቦን በመተው አያበቃም። በጥርጣሬ ብቻ የተወ ሰው ለፋሲካ ድፎው ሲቆረስ «ትንሽ ብቀምስ ምን አለበት?» ማለቱ አይቀርም፤ ሕመም ባይሰማው እንኳ አንጀቱ ይጎዳል። በሌላ በኩል በሽታው ከሌለ ዕድሜ ልክ በከንቱ ስትጠነቀቅ ልትኖር ነው፤ የሕመሙ እውነተኛ ምክንያትም ሳይፈለግ ይቀራል። ከዚህም ሌላ ታናናሽ ወንድሞች አሏት። ሴሊያክ በዘር ስለሚሄድ ከበሽተኛው የቅርብ ሥጋ ዘመድ አሥር ሰው ብንቆጥር አንዱን ያህል ሊያገኘው ይችላል፤ የእርሷ ካልታወቀ ግን እነርሱን «ተመርመሩ» የሚላቸው የለም።

እርሷም የምትፈራው ነገር ነበራት። የማጠቃለያው ብሔራዊ ፈተና ወራት ብቻ ቀርተውታል። ስድስት ሳምንት መታመም ስድስት ሳምንት አለማጥናት ነው። ወደ ክረምት ብታሳልፈው ለፈተናው ትደርሳለች፤ ግን ክረምት ሲመጣ ደኅና የሆነ ሰው ወደ ሕመም ተመልሶ ለመግባት ልብ ያገኛል ወይ? ሁለት ቀን አስባ ጥር ውስጥ ጀመረች። ወሰደችው ተብሎ ሊመሰገን የሚገባው ውሳኔ ይህ ብቻ ነው ባንልም፣ ፈተናውን ካለፈች በኋላ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ምግቧን የምትመርጠው እርሷ እንዳልሆነች ማሰቧ አስተዋይነት ነው። በየቀኑም የበላችውንና የተሰማትን በአንድ ደብተር ጻፈች። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞና ረቡዕ ከትምህርት ቀረች። አክስቷ ዳቦውን በፊቷ ባስቀመጡ ቁጥር ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

የምርመራው ሂደት ይህን ይመስላል። በመጀመሪያ ደም ይቀዳና ቲሹ ትራንስግሉታሚኔዝ በተባለው ነገር ላይ የተነሣው ፀረ እንግዳ አካል ይለካል። ይህ ፀረ እንግዳ አካል ኢሚውኖግሎቡሊን ኤ ከሚባለው ወገን ነው፤ አንዳንድ ሰው ደግሞ ከተፈጥሮው ይህ ወገን ስለሚያንሰው ጠቅላላ መጠኑ አብሮ ካልተለካ ውጤቱ ሊያታልል ይችላል። ውጤቱ ከፍ ያለ ከሆነ ጫፉ መብራት ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ ከቀጭኑ አንጀት መጀመሪያ በርከት ያሉ ቅንጣት ናሙናዎች ይወሰዱና በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። አንድ ናሙና አይበቃም፤ ጉዳቱ እንደ ብል ልብስ በልቶ እዚህም እዚያም ሊሆን ይችላልና። በሕፃናት ላይ የደሙ ውጤት ከደንበኛው ወሰን አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ በሌላ የደም ምርመራም ሲረጋገጥ፣ የአውሮፓ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት ናሙና መውሰድ ላያስፈልግ ይችላል። የዘር ምርመራም አለ፤ ጥቅሙ ግን በአንድ ወገን ብቻ ነው። ዲኪው 2 እና ዲኪው 8 የሚባሉት የዘር ምልክቶች ሁለቱም ከሌሉ በሽታው የለም ለማለት ይቻላል፤ መኖራቸው ግን በሽታውን አያረጋግጥም፤ ከሕዝቡ ሲሶ ያህሉ ይዟቸው በጤና ይኖራልና።

በሽታው መኖሩ ቢረጋገጥ በጤፍ አገር መወለዷ ይጠቅማታል። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳና ሩዝም እንዲሁ። ሆኖም «እንጀራ» የሚለው ቃል ዋስትና አይሆንም። ከገበያ የሚገዛው እንጀራ ገብስ ወይም ስንዴ ሊቀላቀልበት ይችላል፤ እርሾው ከተደባለቀ ሊጥ የተረፈ ሊሆን ይችላል፤ ወፍጮ ቤቱም ጤፉን የፈጨው ስንዴ ፈጭቶ ሳይጠረግ ይሆናል። ቀላል ጉዳይ እንዳይመስላችሁ፤ ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ «ከግሉተን ነፃ» ለሚባል ምግብ የወሰነው በአንድ ኪሎ ግራም ከ20 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ነው። በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ ጠላና ቢራም ከገብስ የሚመጡ ስለሆኑ ይቀራሉ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሰው ነው። በአገራችን ጉርሻ መመለስ ፍቅር መመለስ ሆኖ ይቆጠራል፤ «ኮራችብን» መባልም አለ።

ደሟ የተቀዳው በስድስተኛው ሳምንት ማለቂያ ነው። ናሙናው ወደ ሌላ ቤተ ሙከራ ተልኳል። ከዚያ ቀን ወዲህ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ሲሆን ውጤቱ አልመጣም፤ ሐኪሟ ቀጣዩ ምርመራ እስኪወሰን ዳቦውን እንዳታቋርጥ ስላዘዟት ዛሬም ጧት አንድ ዳቦ በልታ ወጥታለች።

ለ. የቃላት ጥናት

«ያስቀምጣታል» የሚለው ግሥ በዚህ ምንባብ በጨዋ አነጋገር ተቅማጥን የሚገልጽ ነው። «ወዝ» የጤነኛ ፊት ልስላሴና ብርሃን፣ «ልሙጥ» ደግሞ እጥፋትም ጠጉርም የሌለው ማለት ነው። «ሲሶ» ከሦስት አንድ እጅ ነው።

የእህል ስሞች ሲጻፉ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለምሳሌ «አጃ» የሚለው ስም በአንዳንድ ቦታ ከስንዴ ወገን የሆነ ጥንታዊ እህል ሲጠራበት፣ በከተማ ሱቆች ግን ለገንፎ በሚሆነው በሌላ እህል ላይ ተለጥፎ ይገኛል። የመጀመሪያው ግሉተን አለው። ሁለተኛው በራሱ ለአብዛኞቹ በሽተኞች ባይጎዳም ከስንዴ ጋር ሳይነካካ እምብዛም አይገኝም። «አጃ በላሁ» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ሰው የበላውን አላስታወቀም።

ሐ. ሰዋስው

ከምንባቡ የተወሰዱትንና የሚመስሏቸውን እነዚህን ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ፦

ዳቦ ከበላሁ በኋላ ሆዴን አመመኝ።
ዳቦ በልቼ ሆዴን አመመኝ።
ዳቦ በበላሁ ቁጥር ሆዴን ያመኛል።
ዳቦ ስለበላሁ ሆዴን አመመኝ።
ዳቦ ሳልበላም ሆዴን ያመኛል።

የመጀመሪያው የሁለት ድርጊቶችን ቅደም ተከተል ብቻ ይናገራል። ሁለተኛው ቦዝ አንቀጽ ስላለበት ይበልጥ አታላይ ነው፤ በቅርጹ ቅደም ተከተል ሲሆን በጆሮ ግን እንደ ምክንያት ይሰማል። በልብ ወለድ ይህ ውበት ነው፤ በሕመም ዘገባ ግን ባይገባ ይመረጣል። ሦስተኛው ድግግሞሽን ያመለክታል። ማሰሪያ አንቀጹም ከኀላፊ ወደ ትንቢት መለወጡን ልብ በሉ፤ «በበላሁ ቁጥር አመመኝ» ከማለት «ያመኛል» ወይም «ያመኝ ነበር» ማለት የተስተካከለ ነው። «በ…ቁጥር» ከባድ ቃል ነው። አንድ ቀን ዳቦ በልቶ ያልታመመ ሰው በዚህ አነጋገር ሊጠቀም አይገባውም፤ «ብዙ ጊዜ» ቢል ይሻለዋል። አራተኛው ፍርድ ሰጥቶ ያበቃ ነው። አምስተኛው ከሁሉ የሚጠቅም ሆኖ ሳለ በሽተኞች ሳይናገሩት የሚቀሩ ነው፤ አራተኛውን የሚያፈርስ እርሱ ነውና። «ሳልበላ» በሚለው መጨረሻ የገባችው «ም» አንዲት ፊደል ብትሆንም የዐረፍተ ነገሩን ፍርድ ትለውጣለች።

በሌላም በኩል «ያመኛል» የሚለውን ግሥ ተመልከቱ። ታማሚው በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ባለቤት ሳይሆን ተሳቢ ነው፤ ይህንም «ኝ» የምትለው ዝርዝር ታሳያለች። የሚያመው ማን ነው? አማርኛ አይናገርም። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ፣ ቆረጠኝ፣ አቅለሸለሸኝ የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው። ቋንቋችን ሕመምን የሚገልጸው ምክንያቱን ሳይጠራ መሆኑ፣ ምክንያቱ ገና ላልታወቀ ሰው የተመቸ ነው። «ታመምሁ» ሲል ግን ሰውየው ራሱ ባለቤት ይሆናል፤ ትርጉሙም ከአንድ ብልት ሕመም ወደ መላው ሰውነት ይሰፋል። ስለዚህ «ሆዴን አመመኝ» ያለና «ታመምሁ» ያለ አንድ ነገር አልተናገሩም።

የጥርጣሬ መጠን የሚገለጸው በማሰሪያው ነው። «ሴሊያክ ሊሆን ይችላል» በሩን ከፍቶ ይተወዋል፤ «ሳይሆን አይቀርም» ግማሽ ያህል ይዘጋዋል፤ «ነው» ግን ይቆልፈዋል። ደሙ ተመርምሮ ናሙናው እስኪታይ ድረስ «ነው» ለማለት የሚያበቃ ነገር የለም።

መ. ድርሰት፦ ለሐኪም የሚቀርብ የሕመም ታሪክ

ሰው ከሐኪም ፊት ሲቀርብ ደንግጦ ዋናውን ይረሳል። ሐኪሙም ብዙ ሰው ስለሚጠብቀው ረጅም ጊዜ የለውም። በመሆኑም የሕመምን ታሪክ አስቀድሞ በአንድ ገጽ ጽፎ መያዝ ትልቅ ጥቅም አለው። የሚከተሉትን ሁለት አንቀጾች አወዳድሩ።

«ለረጅም ጊዜ ታምሜያለሁ። ዳቦ ስለማይስማማኝ ነው። ብዙ ቦታ ታክሜ ምንም አላገኙልኝም። በጣም ይደክመኛል፤ የበላሁት ሁሉ ያመኛል። ሴሊያክ ነው ብለውኛል።»

«ከሁለት ዓመት ወዲህ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ያስቀምጠኛል፤ ሆዴንም ይነፋኛል። በዚህ ጊዜ ክብደቴ ከ52 ወደ 45 ኪሎ ግራም ወርዷል። የብረት ኪኒን ስድስት ወር ወስጄ ደሜ አልተስተካከለም። ለጃርዲያ ሁለት ጊዜ፣ ለአሜባ አንድ ጊዜ መድኃኒት ወስጃለሁ። ወተት ለ55 ቀን ሳልጠጣ ብቆይም ለውጥ አላየሁም። ባለፈው ክረምት ስንዴ ሳልበላ ስምንት ሳምንት ከቆየሁ በኋላ ተቅማጡ ቆሟል፤ በዚያው ጊዜ ግን የምኖርበት ቦታና የምጠጣው ውሃም ተለውጦ ነበር። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ስንዴና ገብስ አልበላሁም። ከቤተሰቤ የስኳር በሽታም ሆነ የእንቅርት በሽታ ያለበት እንደሆነ ጠይቄ አላገኘሁም።»

የመጀመሪያው ጸሐፊ የጻፈው ስሜቱንና ፍርዱን ነው። «ረጅም ጊዜ» ስንት ነው? «ብለውኛል» ያሉትስ እነማን ናቸው? በሁለተኛው አንቀጽ «ሴሊያክ» የሚለው ስም አንድ ጊዜም አልተጠራም፤ ነገር ግን አንድ ሐኪም ሊያስብበት የሚያስፈልገው ሁሉ አለበት። ከሁሉ የሚበልጠው «ስንዴና ገብስ አልበላሁም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ነው። እርሱ ባይጻፍ ኖሮ ደሙ ወዲያው ተቀድቶ «ምንም የለም» የሚል ወረቀት ይመጣ፣ ልጅቱም ወደ ቤቷ ትሸኝ ነበር። የስኳርና የእንቅርት በሽታ መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዳንድ የስኳርና የእንቅርት በሽታ ዓይነቶች ሴሊያክ ባለበት ሰው ወይም ቤተሰብ ከሌላው ይልቅ ይገኛሉ።

ሠ. መልመጃ

1. «ልጆቹ ሙዝ ከበሉ በኋላ ዳኑ» እና «ልጆቹ ሙዝ ስለበሉ ዳኑ» ከሚሉት የትኛው እውነት ነው? የሌላውን ስሕተት በሦስት ዐረፍተ ነገር አስረዱ።

2. የሚከተሉትን የተዘበራረቁ ንግግሮች፣ ጊዜን ከምክንያት ለይታችሁ እንደገና ጻፉ። የሚጎድል ዝርዝር ካለ ሐኪሙ ሊጠይቀው የሚገባውን ጥያቄ ጨምሩ።
ሀ. «ገብስ ቆሎ በልቼ ሌሊቱን ሙሉ ሆዴን ሲቆርጠኝ አደረ።»
ለ. «ወንድሜ ጠላ በጠጣ ቁጥር ያመዋል፤ ባለፈው ሳምንት ግን ጠጥቶ ደኅና ነበር።»
ሐ. «ከተማ ስለገባሁ ከሳሁ።»

3. የተማሪዋን አክስት ሆናችሁ፣ በገጠር ላሉት እናቷ ደብዳቤ ጻፉ። በደብዳቤው ልጃቸው ሕመሟን እያወቀች ዳቦ ለምን እንደምትበላ ይረዱ ዘንድ አስረዷቸው። «ይሆናል»፣ «ሳይሆን አይቀርም» እና «እስኪታወቅ ድረስ» የሚሉትን ተጠቀሙ፤ «ነው» የምትሉበትን ቦታ ግን በጥንቃቄ ምረጡ።

4. ውጤቱ የመጣበትን ቀን በሁለት አንቀጽ ድረሱ። በአንደኛው የደሙ ውጤት ከፍ ያለ፣ በሌላው ደንበኛ ሆኖ ይገኝ። በሁለተኛው አንቀጽ ተማሪዋ ለሐኪሟ የምታቀርበውን ቀጣይ ጥያቄ አትርሱ።